እንስሳትን የሚንከባከቡትን ማን ይንከባከባቸው?



ጉድጓድ ወርዶ፣ በጫማው ውሃ ቀድቶ፣ የተጠማ ውሻ ያጠጣውንና በዚህ ሥራው አላህ የማረውን ሰው ሁላችንም እናውቀዋለን። ድመት አስራ በረሃብ የገደለችውንና በዚህ የተቀጣችውንም ሴት እንዲሁ። ሁለቱም ታሪኮች በቡኻሪና በሙስሊም የተዘገቡ ናቸው፤ በመድረሳ ሳለን ደጋግመን ሰምተናቸዋል። ጎን ለጎን ስናስቀምጣቸው ግን አንድ ልዩነት እናያለን። ሰውየው የሠራው የአንድ ጊዜ መልካም ሥራ ነው። ሴትየዋ ግን ድመቷን በእጇ አስገብታ ነበር፤ ራሷን ችላ እንዳትበላ ከልክላታለች። እንስሳን በእጁ ያስገባ ሰው በየቀኑ የሚጠየቅበት አማና አለበት።

በጎ ፈቃደኞችን ስናደራጅ የምንገባው በዚህ ሁለተኛ ቦታ ላይ ነው። ይህን የተማርነው በራሳችን ስህተት ነው። ከጀመዓችን የተወጣን ጥቂት ተማሪዎች ከዶርም ጀርባ የተጣሉ የድመት ግልገሎችን መመገብ ጀምረን ነበር። ከካፌ የተረፈ ምግብ እናመጣለን፤ ካርቶን ቤት ሠራንላቸው። የፈተና ሳምንት ሲመጣ እያንዳንዳችን «ሌላው ይሄድ ይሆናል» አልን። ማንም አልሄደም። በአራተኛው ቀን ስንደርስ አንዷ ሞታ አገኘናት። ማናችንም ክፉ አላሰብንም፤ ኒያችን ጥሩ ነበር፤ ሥራው ግን ባለቤት አልነበረውም።

መጠለያ ምን ዓይነት ነው?

በአገራችን ሁለት ዓይነት አሠራር እናያለን። ከአዲስ አበባ በስተ ምዕራብ በሆለታ መንገድ፣ መናገሻ አቅራቢያ ያለው የቦርን ፍሪ ማዕከል «እንስሳ ኮቴ» ከሕገ ወጥ ንግድና ከእስር የተረፉ አንበሶችንና አቦሸማኔዎችን ተቀብሎ ይይዛል። ዶንኪ ሳንክቿሪ የተባለው ድርጅት በአንጻሩ ቢሾፍቱ ላይ ከእንስሳት ሕክምና ትምህርት ቤቱ ጋር ለብዙ ዓመታት ሲሠራ፣ ትኩረቱ አህያውን ከባለቤቱ መንጠቅ ሳይሆን ማከምና ባለቤቱን ማስተማር ነው።

ለመቱ፣ ለጎሬ፣ ለሁሩሙና ለያዮ የሚቀርበው ሁለተኛው ነው። በቡና ለቀማ ወቅት በቅሎና አህያ ከጫካ እስከ መኪና መንገድ ጭነት ያመላልሳሉ። የኢሉባቦር ዝናብ ረጅም ነው፤ እርጥብ ገመድና እርጥብ ጆንያ ጀርባን ይልጣል። ወደ በደሌና ደዴሳ ሸለቆ ስንወርድ ደግሞ የቆላ ዝንብ የሚያስተላልፈው ገንዲ አለ። ስለዚህ እዚህ ያለ በጎ ፈቃደኛ ዋና ሥራው ቁስል ማጠብ፣ ከጭነት ስር የሚነጠፍ ወፍራም ጨርቅ ማዘጋጀትና ባለቤቱን በአክብሮት ማነጋገር ነው። መርፌ መውጋት የእኛ ሥራ አይደለም፤ የእንስሳት ሐኪም ሥራ ነው።

ሥራውን መከፋፈል

የምህንድስና ተማሪዎች ድልድይ ስናሰላ የሚያልፍበትን ክብደት ብቻ እንዲችል አድርገን አንነድፍም፤ ትርፍ አቅም እንተዋለን። የተራ ሰሌዳም እንዲሁ ነው። አንድ ተራ ላይ ሁልጊዜ ሁለት ሰው ይመደብ፤ ወንድሞች ከወንድሞች፣ እህቶች ከእህቶች። የቀረ ሰው ምትኩን ራሱ ነግሮ ይቅር። ሰሌዳው ሲወጣ የፈተና ሳምንት፣ ረመዷንና የሴሚስተር ዕረፍት አስቀድመው ይታሰቡ። በክረምት ግቢው ባዶ ሲሆን የሚቀር ሰው ከሌለ፣ አዲስ እንስሳ በግንቦት አንቀበልም። ይህ ጭካኔ አይደለም፤ የማንችለውን አማና አለመውሰድ ነው።

የበጎ ፈቃደኛው ደህንነት

አንድ ወንድማችን ቡችላ ነክሶት ለሦስት ቀን ደበቀን። ለምን ሲባል «ከቡድኑ ታስወጡኛላችሁ ብዬ ፈራሁ» አለ። አልሐምዱሊላህ፣ ክትባቱን ወስዶ ደህና ነው። ጥፋቱ ግን የእኛ ነበር፤ ገና ሲገባ አላስረዳነውም።

የእብድ ውሻ በሽታ ምልክቱ ከታየ በኋላ የሚድን ሰው የለም ማለት ይቻላል። ሰውን ከሚይዘው 99 በመቶ ያህሉ የሚመጣው በውሻ ነው፤ ድመትም ታስተላልፋለች። ስለዚህ የተነከሰ ወይም የተቧጨረ ሰው ቁስሉን ወዲያውኑ በሳሙናና በሚፈስ ውሃ 15 ደቂቃ ይጠብ፤ በዚያው ቀን ጤና ተቋም ይሂድ፤ የታዘዘለትን ክትባት እስከ መጨረሻው ይውሰድ። የባህል መድኃኒት እየሞከሩ ቀን ማሳለፍ ሕይወት ያስከፍላል። የነገረን ሰው አይወቀስም፤ ይመሰገናል። ከዚህ ሌላ ድመት ስንይዝ ከጭርት ለመጠበቅ ጓንት እናድርግ፤ ከፈረስና ከበቅሎ ኋላ አንቁም።

ብዙ ወንድሞችና እህቶች የሚጠይቁት ሌላ ጉዳይ የውሻ ነጃሳ ነው። በሻፊዒይ መዝሀብ እርጥብ ውሻ የነካው ነገር ሰባት ጊዜ፣ አንዱ ከአፈር ጋር፣ ይታጠባል፤ ደረቅ በደረቅ ከተነካካ ግን ነጃሳው አይተላለፍም። በማሊኪይ ዘንድ ውሻ ራሱ ንጹህ ነው። ውሻን መንካት ውዱእ አያፈርስም። እንግዲህ ነጃሳ መሆኑ ውሻን ላለማጠጣት ምክንያት አይሆንም፤ የታሪኩ ሰውዬም ያጠጣው ውሻ ነበር። መፍትሔው ቀላል ነው፤ ለሥራው የተለየ ጋዋንና ጫማ ይኑር፣ ተራውም ከሶላት ሰዓት ጋር አይጋጭ።

ሲከፋቸው

ቁስል አጥቦ፣ መግቦ፣ በማግስቱ የሞተ እንስሳ ማግኘት ልብ ይሰብራል። ያን ግልገል የቀበሩት ሁለት ልጆች ለሳምንታት ወደ ቡድኑ አልመጡም፤ እኛም ሰነፉ ብለን አማናቸው ነበር። ቀርበን መጠየቅ ነበረብን። አሁን ከእያንዳንዱ ከባድ ቀን በኋላ ሻይ እየጠጣን እንነጋገራለን። ማረፍ የፈለገ ያርፋል፤ መውጣት የፈለገም ቁልፉንና መረጃውን አስረክቦ በምስጋና ይሸኛል።

በ660 ዓመተ ሒጅራ ያረፉት ታላቁ የሻፊዒይ ዓሊም ዒዝ ኢብን ዐብዱሰላም፣ እንስሳ አርጅቶ ወይም ታሞ ከማይጠቅምበት ደረጃ ቢደርስም ባለቤቱ ሊቀልበው እንደሚገባና ከአቅሙ በላይ እንዳይጭንበት ጽፈዋል። ለበቅሎ ይህን ያህል ከተባለ፣ የሚያገለግለውን ወንድማችንን ከአቅሙ በላይ መጫን እንዴት ይሆናል?

በሚቀጥለው ሴሚስተር ስማችሁን ስታስመዘግቡ «ምን መሥራት እችላለሁ?» ብቻ ሳይሆን «በሳምንት ስንት ሰዓት በእርግጥ መስጠት እችላለሁ?» ብላችሁ ራሳችሁን ጠይቁ። አንድ ሰዓት ቢሆንም የማይቋረጥ ከሆነ በቂ ነው። አላህ ኒያችንን ያጥራልን፣ አማናችንንም የምንወጣ ያድርገን። አሚን።