አንድ ፋንድያ ስንቱን ያበላል?

በደቡብ ምሥራቅ ኬንያ፣ ጻቮ በሚባለው ደረቅ ቆላ፣ አመሻሽ ላይ ዝሆን ፋንድያውን ጥሎ ያልፋል። ጥቂት ቆይቶ አየሩ በክንፍ እምቢልታ ይሞላል። ጥንዚዛዎች ሽታውን ተከትለው ከየአቅጣጫው እየመጡ ነው። እ.ኤ.አ. በ1974 የታተመ ጥናት በ1.5 ኪሎ ግራም ፋንድያ ላይ 16,000 ጥንዚዛዎች መቆጠራቸውን ይናገራል። ክምሩ በሁለት ሰዓት ውስጥ አልቋል።

በአንዲት ቁራሽ ላይ ይህ ሁሉ ሕዝብ ሲረባረብ ኃይለኛው ዝርያ ሌላውን ጠራርጎ ለምን አያባርርም? በአንድ ክምር ላይ እኮ በአስር የሚቆጠሩ ዝርያዎች አብረው ይገኛሉ።

መጀመሪያ ጥድፊያውን እንረዳው። አዋቂው ጥንዚዛ ጭድ የሚያኝክ መንጋጋ የለውም። የሚመጠው እርጥቡን ጭማቂና በውስጡ ያሉትን ደቃቅ ቅንጣቶች ነው፤ ገለባውን የሚያኝከው እጩ ነው። ስለዚህ ፋንድያው በደረቀ ቁጥር ለአዋቂው ማዕዱ እየታጠፈ ይሄዳል። ከፀሐይም ከጎረቤትም ቀድሞ ድርሻን ማሸሽ ያስፈልጋል፤ ዝርያዎቹን የለያያቸው አንዱ ነገር ይህ የማሸሻ ዘዴያቸው ነው።

አንከባላዮቹ በደንብ የሚታወቁት ናቸው። እንደ መጋዝ ጥርስ ባለው የራሳቸው ጠርዝና በፊት እግሮቻቸው እየቆረሱ፣ እየጠፈጠፉ ድቡልቡል ይሠራሉ። ከዚያ በፊት እግራቸው መሬት ቆንጥጠው፣ በኋላ እግራቸው ድቡልቡሉን እየገፉ የኋሊት ይሮጣሉ። ሲያዩት የትጋት ምልክት ይመስላል፤ እኔ ግን ከምንም በላይ ሽሽት ሆኖ ይታየኛል። ያልደከመበትን ድቡልቡል ለመንጠቅ የሚያደባ ብዙ ነውና።

በርንድ ሃይንሪክና ጆርጅ ባርቶሎሚው የተባሉ ተመራማሪዎች ይህን ንጥቂያ እዚያው ጻቮ አጥንተው እ.ኤ.አ. በ1979 ያሳተሙት ውጤት ሁልጊዜ ያስደንቀኛል። ጥንዚዛው የክንፉን ጡንቻዎች እያሠራ ሰውነቱን ከአካባቢው አየር ይልቅ እጅግ ያሞቃል። ሁለቱ ድቡልቡሉ ላይ ሲተናነቁ አሸናፊው አብዛኛውን ጊዜ ትኩሱ ነው፤ ባላጋራው በአካል ቢበልጠው እንኳ። የሞቀው ፈጥኖ ይሠራል፣ ፈጥኖ ያንከባልላል፤ የቀዘቀዘው ይነጠቃል። ሙቀቱ ግን ስንቅ ይፈጃል፤ ሁልጊዜ ጋለው አይኖሩም።

ከክምሩ የሸሸው በቀጥታ መስመር መሄድ አለበት። ከዞረ ተመልሶ ሌቦቹ መሃል ይገባል። እ.ኤ.አ. በ2013 የወጣ የማሪ ዳኬና የባልደረቦቿ ጥናት፣ በደቡብ አፍሪካ አንድ የሌሊት ዝርያ ጨረቃ በሌለችበት ምሽት በፍኖተ ሐሊብ ብርሃን አቅጣጫውን እንደሚጠብቅ አሳይቷል። ቀን የሚሠሩት ደግሞ በፀሐይ ይመራሉ። አንዱ ፈረቃ ሲያበቃ ሌላው ይገባል፤ የሌሊቶቹ ዓይን ከቀኖቹ ይልቅ ትልቅ ነው።

ቀባሪዎቹ ርቀው አይሄዱም። እዚያው ክምሩ ሥር ይቆፍሩና እርጥቡን ወደ ታች ያወርዳሉ። ትናንሾቹ ጥቂት ሴንቲ ሜትር ወርደው ይቆማሉ፤ የዝሆን ፋንድያ የሚወዱት ግዙፎች ጠልቀው ይወርዳሉ። በዚህ ምክንያት በአንድ ክምር ሥር እንደ ፎቅ የተደራረቡ ጎጆዎች ይኖራሉ። አሸዋ የሚመርጠውና ሸክላ አፈር የሚመርጠው ደግሞ ከነጭራሹ ሰፈራቸው የተለያየ ነው።

ሦስተኛዎቹ ፋንድያው ውስጥ እየበሉ እዚያው የሚወልዱት ናቸው። ክምሩ ካልቆየላቸው ልጆቻቸው አያድጉም። ስለዚህ ብርቱ ቀባሪና አንከባላይ በሞላበት ሞቃት አገር ይቸገራሉ፤ በቀዝቃዛው ሰሜን አውሮፓ ግን መስኩ የእነሱ ነው። ሌላው በቀበረው ላይ ተደብቀው እንቁላላቸውን የሚጥሉ ጥቃቅን ሌቦችም አሉ።

የዕድልንም ነገር መርሳት አይገባም። የእበት ክምር በመስኩ ላይ እንደ ደሴት ተበታትኖ ይገኛል። ኃይለኛው ዝርያ በአንዱ ላይ ሲጨናነቅ ሌላውን ሳያገኘው ይቀራል። ፊንላንዳዊው ተመራማሪ ኢልካ ሃንስኪ አጥብቆ እንዳስረዳው፣ ኃይለኞቹ እርስ በርሳቸው በአንድ ቦታ በተፋፈጉ ቁጥር ለደካማው የሚተርፍ ክምር ይኖራል።

ይህ ክፍፍል ሲጎድል ምን እንደሚመጣ አውስትራሊያ አይታዋለች። እንግሊዞች እ.ኤ.አ. በ1788 ከብት ይዘው ሲገቡ፣ የአገሩ ጥንዚዛዎች የለመዱት የካንጋሮን ደረቅ በጠጥ ነበር። እርጥቡን የላም እበት አብዛኞቹ አልነኩትም፤ እበቱ ሣሩን ሸፈነ፣ ዝንብ ፈላበት። የሃንጋሪ ተወላጁ ተመራማሪ ጆርጅ ቦርኔሚሳ ጥንዚዛ ከውጭ ይምጣ የሚል ሐሳብ አቀረበ። የጥንዚዛዎቹ እንቁላል ከበሽታ እንዲጸዳ እየታጠበ ተላከ፤ እዚያም በሰው እጅ በተሠራ የእበት ድቡልቡል ውስጥ ተቀመጠ። እ.ኤ.አ. ከ1968 እስከ 1984 ባሉት ዓመታት 43 ዝርያዎች ተለቀቁ፤ 23ቱ ለመዱ። ይህን ያህል ዓይነት ያስፈለገው ለየአፈሩ፣ ለየፈረቃውና ለየወቅቱ ሠራተኛ ስለሚያሻ ነው። ያም ሆኖ በደቡቡ ክፍል የፀደዩ መግቢያ ባዶ ቀረ፤ ስለዚህ እ.ኤ.አ. ከ2010 በኋላ ባሉት ዓመታት በዚያ ወቅት የሚሠሩ ሌሎች ዝርያዎች ከአውሮፓ መጡ።