በሰቆጣ እንግሊዝኛን አንብቦ መረዳት፦ መምህሩ ምን ይሰልጥን?

በሰቆጣ ዙሪያ ባሉ የዋግ ኽምራ ገጠር ቀበሌዎች የሚወለድ ብዙ ልጅ አፉን የሚፈታው በኽምጣና ነው። አማርኛን ከገበያና ከትምህርት ቤት ይለምዳል፤ እንግሊዝኛን ከአንደኛ ክፍል ጀምሮ እንደ አንድ የትምህርት ዓይነት ይማራል። ዘጠነኛ ክፍል ሲደርስ ይህ ሦስተኛ ቋንቋው የትምህርቱ ሁሉ መግቢያ ይሆንበታል፤ ባዮሎጂውም፣ ጂኦግራፊውም፣ ሒሳቡም በእንግሊዝኛ ይቀርብለታል። የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተናም በዚያው ቋንቋ ነው። በ2014 ዓ.ም. በአገር አቀፍ ደረጃ ፈተናውን ወስደው ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ ነበሩ፤ በ2015 ዓ.ም. 3.2 በመቶ፣ በ2016 ዓ.ም. 5.4 በመቶ ሆኑ። ለዚህ ውጤት ምክንያቱ ብዙ ነው፤ ሁሉንም በአንድ ቋንቋ ላይ መጫን ትክክል አይሆንም። ሆኖም የፊዚክስ ጥያቄውን አንብቦ ያልተረዳ ተማሪ ፊዚክስ ይወቅ አይወቅ ከወረቀቱ ሊታወቅ አይችልም። ስለዚህ እንግሊዝኛን አንብቦ መረዳት የአንድ ክፍለ ጊዜ ጉዳይ መሆኑ ቀርቶ የሌላው ትምህርት ሁሉ መሠረት ሆኗል። ይህን መሠረት የሚጥለው የቋንቋ መምህሩ ነው። መምህሩን ለዚህ የሚያበቃው ስልጠና ምን ዓይነት ነው የሚለውን ጥያቄ ግን በቂ ትኩረት ሰጥተን አልመረመርነውም።

እ.ኤ.አ. በ1986 ፊሊፕ ጎፍና ዊልያም ተንመር የተባሉ ተመራማሪዎች አንብቦ መረዳትን በአጭር ቀመር ገለጹት፦ ፊደልን ወደ ቃል የመለወጥ ችሎታ፣ ሲባዛ በቋንቋው የተነገረውን የመረዳት ችሎታ። የቀመሩ ቁም ነገር ማባዛቱ ላይ ነው። ቢደመር ኖሮ የአንዱ ጉድለት በሌላው በተካካሰ ነበር፤ ሲባዛ ግን ከሁለቱ አንዱ ዜሮ ከሆነ ውጤቱም ዜሮ ነው። በኢትዮጵያ ሁለቱም ችሎታዎች እንደሚጎድሉ የሚያሳይ መረጃ አለን። እ.ኤ.አ. በ2010 በስድስት የአገር ውስጥ ቋንቋዎች በተካሄደው የመጀመሪያ ደረጃ የንባብ ምዘና ከሁለተኛ ክፍል ተማሪዎች 34 በመቶዎቹ ከቀረበላቸው ታሪክ አንዲት ቃል እንኳ ማንበብ አልቻሉም፤ 48 በመቶዎቹ አንድም የመረዳት ጥያቄ አልመለሱም። ሦስተኛ ክፍል ላይ ቁጥሩ ወደ 20 እና 30 በመቶ ዝቅ ቢልም ክፍተቱ አልጠፋም፤ ቃላቱን እያነበቡ ሐሳቡን የማያገኙ ልጆች አሉ። ይህ በአገር ውስጥ ቋንቋ የታየ ነው። ኽምጣና ከተመዘኑት ስድስት ቋንቋዎች መካከል አልነበረም፤ ምዘናውን ተከትሎ በሰባት ቋንቋዎች አዲስ የንባብ መጻሕፍት ሲዘጋጁም አልተካተተም። የዋግ ልጅ ወደ እንግሊዝኛው የሚሻገረው እንዲህ ካለ መነሻ ነው።

ድምፅ አውጥቶ ማንበብና መረዳት የተለያዩ መሆናቸውን ለማወቅ የውጭ ጥናት ብቻ አያስፈልገንም። የአብነት ትምህርት ቤቶቻችን ይህን ለዘመናት ሲሠሩበት ኖረዋል። በንባብ ቤት ተማሪው ፊደል ቆጥሮ፣ ወንጌል አንብቦ፣ ዳዊት እስኪደግም ድረስ ግዕዙን ያለ ስህተት ያነብባል፤ ትርጉሙን እንዲያውቅ ግን ገና አይጠበቅበትም። ሰዋስውና የቃላት ሀብት የሚመጡት ቅኔ ቤት ሲገባ ነው። ከዚያም በመጻሕፍት ቤት መምህሩ ግዕዙን ካስነበበ በኋላ በአማርኛ ይፈታዋል፤ «አንድም» እያለ ሌላ ፍች፣ ከዚያም ሌላ ያመጣል፤ ተማሪውም መምህሩ ከቃሉ ወደ ምሥጢሩ እንዴት እንደሚሻገር እዚያው እየሰማ ይማራል። ንባብና መረዳት ሁለት ሙያዎች ናቸው፤ የየራሳቸው መምህርና የየራሳቸው ዓመታት አሏቸው፤ ለማስረዳትም ተማሪው በሚያውቀው ቋንቋ ይጠቀማሉ። የዛሬው የእንግሊዝኛ ክፍለ ጊዜ በብዙ ቦታ በንባብ ቤቱ ደረጃ ያስተምርና በመጻሕፍት ቤቱ ደረጃ ይፈትናል። መካከሉ ባዶ ነው።

ይህ ባዶነት የኛ ብቻ አይደለም። ዶሎሬስ ደርኪን የተባሉ አሜሪካዊት ተመራማሪ እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ መጨረሻ አራተኛ ክፍሎች ውስጥ ተቀምጠው የንባብ ትምህርቱን በደቂቃ መዘገቡ። ከ4,469 ደቂቃዎች ውስጥ መረዳትን ለማስተማር የዋለው 20 ደቂቃ ብቻ ነበር። መምህራኑ ሰነፎች አልነበሩም። ምንባብ ያስነብባሉ፣ ጥያቄ ይጠይቃሉ፣ መልሱን ያርማሉ፣ የሥራ ደብተር ያስሞላሉ። በሌላ አነጋገር ያለማቋረጥ ይፈትናሉ፤ ተማሪው መልሱን ካላገኘ እንዴት እንደሚያገኘው ግን አላሳዩትም። የእኛም መማሪያ መጻሕፍት ምንባብን አስቀድመው ጥያቄን የሚያስከትሉ በመሆናቸው መምህሩን ወደዚያው መንገድ ይገፉታል። በአስተማማኝ ሁኔታ ለውጥ ያመጣው ሌላ አሠራር ነው፦ መምህሩ ጮክ ብሎ ያስባል። «ይህ ዓረፍተ ነገር አልገባኝም፤ ወደ ኋላ ልመለስ፤ ‹እሱ› የተባለው ማን ነው?» እያለ የራሱን የማንበብ ሥራ ለተማሪው ያሳያል፤ ከዚያም ሥራውን ቀስ በቀስ ለተማሪው ይለቅቃል። አኔማሪ ፓሊንስካርና አን ብራውን እ.ኤ.አ. በ1984 ባሳተሙት ጥናት ቃላቱን የሚያነቡ ነገር ግን ሐሳቡን የማይረዱ ተማሪዎች አራት ነገሮችን በየተራ እየመሩ እንዲሠሩ ተደረገ፦ መተንበይ፣ መጠየቅ፣ ያልጠራውን ማጥራት፣ ማጠቃለል። ከጥቂት ሳምንታት በኋላ መረዳታቸው በግልጽ አደገ።

ነገር ግን ጮክ ብሎ ለማሰብ መምህሩ ተማሪው የት ቦታ ላይ እንደሚሰናከል አስቀድሞ ማወቅ አለበት፤ የስልጠናው ዋና ይዘት መሆን ያለበትም ይህ ነው ብዬ አምናለሁ። አንድ ምሳሌ ላንሣ። በአማርኛ «በሬውን ለነጋዴው የሸጠው ገበሬ ሄደ» እንላለን፤ ገላጩ ሐረግ ከስሙ ይቀድማል፣ ግሱም መጨረሻ ላይ ይቀመጣል። ኽምጣናም የአገው ቋንቋ ቤተሰብ አባል በመሆኑ በዚህ ረገድ አሰካኩ ከአማርኛ ጋር ይመሳሰላል። እንግሊዝኛው ግን ቃላቱን በዚህ ቅደም ተከተል ይደረድራል፦ «ገበሬው፣ የሸጠው፣ በሬውን፣ ለነጋዴው፣ ሄደ»። ከሁለቱም ቋንቋዎቹ ከግሱ አጠገብ ያለውን ስም ከግሱ ጋር ማያያዝ የለመደ ተማሪ «ነጋዴው ሄደ» ብሎ ሊረዳ ይችላል። እያንዳንዱን ቃል ያውቃል፣ አነባበቡም ትክክል ነው፤ የተረዳው ግን ሌላ ነገር ነው። መዝገበ ቃላት ይህን ስህተት አያርምም፤ «በጥንቃቄ አንብብ» የሚል ምክርም አያርመውም። የሚያርመው ሦስቱን አሰካኮች ጎን ለጎን ሰሌዳ ላይ ጽፎ «ማን ሄደ?» ብሎ የሚጠይቅና ተማሪው የተሻገረበትን መንገድ የሚያስተካክል መምህር ነው። የሰቆጣ መምህራን ትምህርት ኮሌጅ ለዚህ የታደለ ስፍራ ላይ ነው፤ ሦስቱም ቋንቋዎች በአካባቢው በየቀኑ የሚሰሙ ናቸውና። ከሌላ ቦታ ተዘጋጅቶ የሚመጣ አጠቃላይ የስልጠና ሰነድ የኽምጣና ተናጋሪው ልጅ የት እንደሚሰናከል ሊነግረን አይችልም።

ቃላትን በተመለከተ ልኩ ይታወቃል። ሁ እና ኔሽን የተባሉ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2000 ባሳተሙት ሙከራ በምንባቡ ውስጥ ካሉት ቃላት 80 በመቶውን ብቻ ካወቁት አንባቢዎች አንድም ሰው በበቂ ሁኔታ አልተረዳም፤ ያለ እገዛ ለመረዳት 98 በመቶ ገደማ ማወቅ ያስፈልጋል፤ ማለትም ከሃምሳ ቃል የማይታወቀው አንድ ብቻ መሆን አለበት። የዘጠነኛ ክፍል ባዮሎጂ መጽሐፍ ለብዙ ተማሪ ከዚህ እጅግ የራቀ ነው። የቀደመ እውቀትም ከቃላት አያንስም። ሬክትና ሌስሊ እ.ኤ.አ. በ1988 በ64 አሜሪካውያን ተማሪዎች ላይ ባደረጉት ጥናት ስለ ቤዝቦል ጨዋታ ብዙ የሚያውቁት ደካማ አንባቢዎች ስለ ጨዋታው ከማያውቁት ጎበዝ አንባቢዎች የበለጠ ምንባቡን ተረድተዋል። ታዲያ ለዋግ ተማሪ የመጀመሪያዎቹ የእንግሊዝኛ ምንባቦች ስለ ንብ ማነብ፣ ስለ አበርገሌ ፍየል፣ ስለ እርከን ሥራና ስለ ተከዜ ሸለቆ ቢሆኑ ምን ይከለክላል? ጉዳዩን በቋንቋው ስለሚያውቀው አእምሮው ለእንግሊዝኛው ብቻ ይሠራል። መምህሩ በሚያስተምርበት ደረጃ ቃላቱ የተመጠኑ የግማሽ ገጽ ምንባቦችን መጻፍ መሰልጠን ይችላል፤ ለእውነተኛ ይዘትም ሰቆጣ ላይ የግብርና ምርምር ማዕከል አለ።

እዚህ ላይ ከባድ ተቃውሞ ይነሣል፦ መምህሩ ራሱ እንግሊዝኛውን ካልቻለ ዘዴ ቢሰለጥን ምን ይጠቅማል? ተቃውሞው መሠረት አለው። በ1990ዎቹ ዓ.ም. በአገር አቀፍ ደረጃ የተጀመረው የመምህራን እንግሊዝኛ ማሻሻያ መርሐ ግብር የተነሣው ከዚህ ስጋት ነበር። ይሁን እንጂ ለትምህርት ሚኒስቴር የተዘጋጀውና እ.ኤ.አ. በ2007 የወጣው የማስተማሪያ ቋንቋ ጥናት፣ ካትሊን ሂዩ፣ ካሮል ቤንሰን፣ ብርሃኑ ቦጋለና መኮንን አለሙ የሠሩት፣ ያ መርሐ ግብር የስልጠናውን ሀብት በብዛት እንደወሰደና ከዚያ በኋላም የመምህራኑ የእንግሊዝኛ ደረጃ ዝቅተኛ እንደነበር አሳይቷል። ከዚህ የምወስደው ትምህርት የመምህሩ እንግሊዝኛ ይተው የሚል አይደለም። ቋንቋውን ከሥራው ነጥሎ ማስተማር ውድም ቀርፋፋም ነው ማለቴ ነው። መምህሩ የሚቀጥለውን ሳምንት ምንባብ ከባልደረቦቹ ጋር መስመር በመስመር ሲፈታ፣ የት እንደሚያስቸግር ሲከራከር፣ ጥያቄ ሲያወጣለት የራሱም እንግሊዝኛ ያድጋል፤ ተማሪ ፊት የሚያስፈልገውም ያ እንግሊዝኛ ነው።

ሌላው ተቃውሞ በእንግሊዝኛ ክፍለ ጊዜ አማርኛና ኽምጣና ከገቡ ለእንግሊዝኛው ምን ጊዜ ይቀራል የሚል ነው። ቻርልስ አልደርሰን እ.ኤ.አ. በ1984 የውጭ ቋንቋ ንባብ ችግር የንባብ ነው ወይስ የቋንቋ ብለው ሲጠይቁ መረጃው በተለይ ለጀማሪዎች ወደ ቋንቋው እንደሚያደላ አሳይተዋል፤ በራሱ ቋንቋ ጎበዝ አንባቢ የሆነ ሰው እንኳ የውጭውን ቋንቋ ጥቂት ሳያውቅ ችሎታው አይሻገርለትም። ስለዚህ ክፍለ ጊዜውን በትርጉም የሚሞላ መምህር በእርግጥ ይበድላል፤ ተማሪው እንግሊዝኛ በብዛት ማንበብ አለበት። ሆኖም ያው እ.ኤ.አ. በ2007 የወጣው ጥናት እስከ ስምንተኛ ክፍል በአፍ መፍቻ ቋንቋቸው የተማሩ ተማሪዎች በእንግሊዝኛም ጭምር የተሻለ ውጤት እንዳገኙ መዝግቧል። ምንባቡ በእንግሊዝኛ ይሁን፤ ስለ ምንባቡ ማሰቡና መከራከሩ ተማሪው በሚችለው ቋንቋ ይጀመር። «ለምን እንዲህ አልክ?» የሚለውን ጥያቄ በኽምጣና የመለሰ ልጅ የተረዳውን አሳይቷል፤ በእንግሊዝኛ ዝም ያለው ግን ይረዳ አይረዳ መምህሩ አላወቀም።

ቀሪው ጥያቄ የስልጠናው ቦታ ነው። መምህራንን ከተማ ሰብስቦ ለጥቂት ቀናት ማሰልጠን የተለመደ ነው፤ አዘጋጁም ሪፖርት ይጽፋል። በደቡብ አፍሪካ ኖርዝ ዌስት አውራጃ የተካሄደ ሙከራ ይህን አሠራር መዘነው፦ አንዱ ቡድን የማዕከል ስልጠና ብቻ ወሰደ፤ ሌላው ቡድን ያንኑ የትምህርት ዕቅድና መጻሕፍት ይዞ አሰልጣኝ ክፍሉ ድረስ እየሄደ ይረዳው ነበር። ከሁለት ዓመት በኋላ ክፍል ውስጥ እገዛ ያገኙት መምህራን ተማሪዎች የንባብ እድገት ከሌላው ቡድን በእጥፍ ገደማ በለጠ፤ ወጪው ቢጨምርም ለወጣው ገንዘብ የተገኘው ውጤት አላነሰም። በዚያው አገር እንግሊዝኛን እንደ ሁለተኛ ቋንቋ ለማስተማር የተደረገ ሌላ ሙከራ በአካል የሚደረገውን እገዛ በታብሌትና በስልክ ተካ፤ የእንግሊዝኛ ንባቡ በአካል እንደተደረገው አላደገም፣ የልጆቹ የቤት ቋንቋ ንባብም ተጎዳ። የዋግ ኽምራን የድሃናና የዝቋላ ወረዳዎች ለሚያውቅ ሰው ይህ ውጤት የማይመች ነው፤ መንገዱ ረጅም፣ ገደሉ ብዙ ነውና። ግን ትምህርት ቤቶቹ በጉድኝት ማዕከል የተደራጁ ናቸው፤ ሱፐርቫይዘርም አላቸው። አዲስ መዋቅር አያስፈልግም፤ ሱፐርቫይዘሩ ወደ ክፍል ሲገባ የሚሠራው ሥራ ይቀየር።

በ2013 እና በ2014 ዓ.ም. ጦርነት ትምህርት ቤቶች በተጎዱበት፣ ድርቅም ደጋግሞ በሚመታበት ዞን ስለ ንባብ ዘዴ ማውራት ቅንጦት ነው የሚል ሰው ቢኖር አልቆጣውም። የተራበ ልጅ ከምንባብ በፊት ምግብ ያስፈልገዋል፤ ምንም ስልጠና ያንን አይተካም፤ መጻሕፍትንም አይተካም። ቢሆንም ትምህርት ቤቱ በተከፈተ ቀን አርባ ደቂቃ የእንግሊዝኛ ክፍለ ጊዜ አለ፤ መምህሩ ያንን ጊዜ ወይ ለመፈተን ወይ ለማስተማር ያውለዋል። በጦርነት ከሚቋረጥ ዓመት በኋላ የቀረው ደቂቃ ዋጋው ይጨምራል እንጂ አይቀንስም። ለመጀመር የሚያስፈልገው ጥቂት ነው፦ የሰቆጣው ኮሌጅ ዕጩ መምህር በተግባር ልምምዱ አንድ ምንባብ ለአንድ ክፍል ያስተምር፤ ባልደረባው ኋላ ተቀምጦ መምህሩ የተናገረውን ትቶ ተማሪዎቹ የመለሱትን ቃል በቃል ይጻፍ፤ ከሰዓት ሁለቱ ከአሰልጣኛቸው ጋር ወረቀቱን ይዘው የትኛው መልስ ከየትኛው ዓረፍተ ነገር እንደመጣ ይፈልጉ፤ በማግስቱ ያንኑ ምንባብ በሌላ ክፍል እንደገና ያስተምሩት።