የስፖርት መኪና ሰስፔንሽንና ጎማ በባሌ ከፍታዎች

የስፖርት መኪናን ምቾት ማሻሻል ማለት ለለስላሳ አስፋልትና ለፍጥነት ተብሎ ደረቅ ተደርጎ የተሠራን ሰስፔንሽን፣ ቸርኬና ጎማ፣ ሾፌርና ተሳፋሪን ሳያንገላታ በተራ መንገድ ላይ እንዲሄድ አድርጎ መለወጥ ነው። ሰስፔንሽን የሚባለው የመኪናውን አካል ከእግሩ ጋር የሚያገናኘው ክፍል ሲሆን፣ ዋና ዋና አካሎቹ ሞላ ወይም ባሌስትራ፣ ሾክ አብዞርበር እና ማያያዣ ክንዶች ናቸው። ጎማውም ቢሆን በውስጡ ባለው አየር ምክንያት የመጀመሪያው ሞላ ነው።

በሮቤ፣ በጎባና በአካባቢው ንጹሕ የስፖርት መኪና ብዙ አይታይም። ሆኖም የስፖርት መኪና ባሕርይ የሆኑት ነገሮች፣ ማለትም ትልቅ ቸርኬ፣ ቀጭን ጎማ፣ ዝቅ ያለ ሆድና ደረቅ ሞላ፣ በተራ አውቶሞቢሎችም ላይ እየመጡ ነው። የኢትዮጵያ መንግሥት በነዳጅ የሚሠሩ የቤት አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ እ.ኤ.አ. በ2024 ከከለከለ ወዲህ በብዛት የሚገቡት የኤሌክትሪክ መኪናዎች ከባድ ባትሪ ተሸክመው፣ ብዙ ጊዜም ባለ 18 ኢንችና ከዚያ በላይ ቸርኬ ላይ ቆመው ይመጣሉ። ስለዚህ የድሮው የስፖርት መኪና ባለቤት ጥያቄ ዛሬ የብዙ ሰው ጥያቄ ሆኗል።

መንገዱ

ሮቤ በ2,500 ሜትር ገደማ፣ ጎባ ደግሞ በ2,700 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ የሚገኙ ሲሆን በመካከላቸው 14 ኪሎ ሜትር ያህል አስፋልት አለ። ከሻሸመኔ በዶዶላ፣ በአዳባና በዲንሾ በኩል ወደ ሮቤ የሚመጣውም መንገድ አስፋልት ነው። በዚህ ላይ ዝቅ ያለ መኪና የሚፈተነው በጉድጓድ፣ በከተማ ውስጥ የፍጥነት መቀነሻ ጉብታና በአስፋልቱ ጠርዝ ነው። በመኸር ወቅት ስንዴ የጫኑ ከባድ መኪናዎች ይበዛሉ፤ ጉድጓዱንም የሚያሰፋው በአብዛኛው የእነሱ ክብደት ነው።

ከጎባ በስተደቡብ ግን ሌላ ዓለም ይጀምራል። በጠጠር የተሠራው የጎባ–ደሎ መና መንገድ ወደ ሳነቴ አምባ ይወጣና ከ4,000 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ አምባውን ያቋርጣል፤ ከዚያም በሐረና ጫካ በኩል ጠመዝማዛውን ይዞ ቁልቁል ይወርዳል። በአፍሪካ ዓመቱን ሙሉ ከሚያስኬዱ መንገዶች ሁሉ ከፍተኛው ነው ተብሎ ብዙ ጊዜ ይነገርለታል። ከዋናው መንገድ ተገንጥሎ ወደ ቱሉ ዲምቱ ጫፍ (4,377 ሜትር) የሚወጣ የመኪና መንገድም አለ። አምባው እ.ኤ.አ. በ1970 የተቋቋመውና በ2023 በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት የተመዘገበው የባሌ ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ ክፍል ነው።

መንቀጥቀጥ ከየት ይመጣል

በሞላ ላይ የተቀመጠ አካል የራሱ የሆነ የመወዛወዝ ፍጥነት አለው። ምቹ አውቶሞቢል በሰከንድ ከ1 እስከ 1.5 ጊዜ ይወዛወዛል፤ ይህ ከሰው እርምጃ ምት ብዙም ስለማይርቅ አካልን አያውክም። የስፖርት መኪና ብዙውን ጊዜ ወደ 2 ይጠጋል ወይም ያልፋል። ተቀምጦ የሚሄድ ሰው ሽቅብና ቁልቁል በሚመጣ ንዝረት በጣም የሚረበሸው በሰከንድ ከ4 እስከ 8 ጊዜ በሚሆነው ላይ ነው፤ ሆድና ወገብ የሚታመመውም በዚህ ነው። ጎማው ራሱ፣ ከነቸርኬው፣ በሰከንድ ከ10 እስከ 15 ጊዜ የመዝለል ጠባይ አለው።

ከዚህ የሚከተለው ነገር ብዙ ሰው የሚስተው ነው። በሰከንድ 1 ጊዜ የሚወዛወዝ ሞላ በመኪናው ክብደት ብቻ 25 ሴንቲ ሜትር ያህል ይረገጣል፤ በ1.5 ጊዜ 11 ሴንቲ ሜትር፣ በ2 ጊዜ ግን 6 ሴንቲ ሜትር ብቻ ነው። ስለዚህ ዝቅ ተደርጎ የተሠራ መኪና ላይ ለስላሳ ሞላ መግጠም ብቻውን መፍትሔ አይሆንም። መኪናው ይበልጥ ይወርዳል፣ የቀረውም የመርገጫ ቦታ ስለሚያልቅ እያንዳንዱ ጉድጓድ ላይ የመጨረሻው ማቆሚያ ላስቲክ ጋር እየተጋጨ ይደበድባል። ለስላሳነት የሚገኘው ቦታ ሲኖር ነው።

የጭነት መኪናና የአውቶቡስ ባሌስትራ በተቃራኒው የሚታሰበው ለሙሉ ጭነት ነው። ባዶ ሲሆን ያነጥራል፣ ሲጫን ይረጋል። በአገሪቱ ውስጥ ‹ቅጥቅጥ› የሚባለው አውቶቡስ ስሙን ያገኘው አካሉ በአገር ውስጥ ተቀጥቅጦ ስለሚሠራ ነው፤ ከኋላ እግሩ በላይ የተቀመጠ ተሳፋሪ ግን ስሙን በሌላ ትርጉም ቢረዳው አይፈረድበትም። የጋሪ ተሳፋሪም ተመሳሳይ ነገር ያውቃል፤ ሞላ በሌለው ጋሪ ላይ ሥራውን ሁሉ የሚሠራው ከመኪና የተወሰደው ጎማ ነው።

ጎማና ቸርኬ

በትንሽ ወጪ ትልቅ ለውጥ የሚመጣው ከዚህ ነው። በጎማው ጎን ላይ የተጻፈው ቁጥር፣ ለምሳሌ 225/40 ባለ 18፣ የጎማው ስፋት 225 ሚሊ ሜትር፣ የጎኑ ቁመት የስፋቱ 40 በመቶ (90 ሚሊ ሜትር)፣ ቸርኬው ደግሞ 18 ኢንች መሆኑን ይናገራል። ይህንን 205/55 ባለ 16 በሆነ ጎማ ቢተኩት የጎኑ ቁመት ወደ 113 ሚሊ ሜትር ያድጋል፤ 195/65 ባለ 15 ከሆነ ደግሞ 127 ሚሊ ሜትር ይሆናል። የሦስቱም ጠቅላላ ቁመት ከ632 እስከ 637 ሚሊ ሜትር ውስጥ ስለሆነ የፍጥነት መቁጠሪያው ከ1 በመቶ በላይ አይስትም። በሌላ አነጋገር መኪናው ዝቅም ከፍም ሳይል በብረቱና በድንጋዩ መካከል ያለው አየር ይጨምራል።

ጥቅሙ ሁለት ነው። አንደኛ፣ ቀጭን ጎማ ስለታም ጉድጓድ ሲያገኘው ጎኑ በቸርኬውና በድንጋዩ መካከል ተጨፍልቆ ይቀደዳል ወይም ቸርኬው ይታጠፋል፤ ወፍራም ጎን ይህን ይችለዋል። በሳነቴ ላይ ይህ የምቾት ጉዳይ ብቻ አይደለም፤ በ4,000 ሜትር ከፍታ፣ ሌሊቱ ከዜሮ በታች በሚወርድበት ቦታ፣ ጎሚስታ የለም። ብዙ አዳዲስ መኪናዎች ደግሞ መለዋወጫ ጎማ ሳይኖራቸው የማሸጊያ ፈሳሽ ብቻ ይዘው ይመጣሉ፤ የተቀደደ ጎን በፈሳሽ አይደፈንም። ሁለተኛ፣ ትንሽ ቸርኬ አብዛኛውን ጊዜ ቀላል ነው። ከሞላ በታች ያለው ክብደት ሲቀንስ ጎማው ከመሬቱ ጋር አብሮ ወጣ ገባ ይላል፣ አካሉን ግን አያናውጥም።

ቸርኬ ከማነሱ በፊት መታየት ያለበት ፍሬኑ ነው። የስፖርት መኪናና ከባድ የኤሌክትሪክ መኪና ፍሬን ሰፊ ስለሆነ በ15 ወይም በ16 ኢንች ቸርኬ ውስጥ ላይገባ ይችላል። ቸርኬው እንዲገባ ብሎ ፍሬኑን በትንሽ መለወጥ ከሐረና ቁልቁለት ጋር ፈጽሞ አይሄድም። የቸርኬው የብሎን ቁጥርና ርቀት፣ የመሐል ቀዳዳውና ወደ ውስጥ የመግባቱ መጠንም ከፋብሪካው ልክ ጋር መስማማት አለባቸው። ጎማው የሚሸከመው የክብደት መለኪያ ቁጥር ከመጀመሪያው ማነስ የለበትም፤ በተለይ በባትሪ ምክንያት ወደ 2 ቶን የሚጠጋ ወይም የሚያልፍ መኪና ላይ።

ሞላ

የስፖርት ሞላ በመጀመሪያው የፋብሪካ ሞላ ወይም በዚያው መኪና ተራ ሞዴል ሞላ መተካት በአብዛኛው ከሁሉ የተሻለ ምርጫ ነው፤ ልኩ ስለታወቀ ግምት አይጠይቅም። እንግሊዛዊው መሐንዲስ ሞሪስ ኦሊ እ.ኤ.አ. በ1930ዎቹ በአሜሪካ ባደረገው ጥናት የፊት ሞላ ከኋላው ትንሽ ለስላሳ ሲሆን መኪናው እንደ ፈረስ ፊትና ኋላውን እያፈራረቀ እንደማይነሳ አሳይቷል። ምክንያቱ ጉብታውን አስቀድሞ የሚረግጠው የፊት እግር ስለሆነ ነው፤ ዘግይቶ የሚረግጠው የኋላው ፈጠን ብሎ ሲወዛወዝ ይደርስበታል። ስለዚህ የፊቱን ብቻ ወይም የኋላውን ብቻ መለወጥ ይህን ሚዛን ያፈርሳል።

ሞላ መቁረጥ የተለመደ ግን የተሳሳተ ዘዴ ነው። መኪናው ዝቅ ስለሚል ያምራል፤ የቀረው ሽቦ ግን ስላጠረ ይበልጥ ይደርቃል።

ሾክ አብዞርበር

ሞላ ይረገጣል እንጂ አያርፍም፤ የሚያሳርፈው ሾክ አብዞርበር ነው። በውስጡ ዘይት በጠባብ ቀዳዳ እየተገፋ ሲያልፍ እንቅስቃሴው ወደ ሙቀት ይለወጣል። የስፖርት ሾክ ብዙውን ጊዜ ሲዘረጋ በጣም ይይዛል፤ በተከታታይ ጉድጓድ ላይ ጎማው ሳይመለስ ሌላ ጉድጓድ ይደርስበታል፣ መኪናውም ቀስ በቀስ ወደ ታች ይሳባል። ሾፌሩ ‹ሞላው ደርቋል› ብሎ ሲያማርር ጥፋቱ የሾኩ የሆነበት ጊዜ ጥቂት አይደለም።

ረጅም የጠጠር መንገድ ሌላ ችግር ያመጣል። ዘይቱ ሲሞቅ ይቀጥናል፣ ከአየር ጋር ሲደባለቅም አረፋ ይሆናል፤ ያን ጊዜ ሾኩ ሥራውን ያቆማል። ፈረንሳዊው ክርስቲያን ቡርሲዬ ደ ካርቦን የናይትሮጅን ጋዝን በግፊት አስገብቶ ከዘይቱ በመለየት ይህን አረፋ የሚከላከል ባለ አንድ ቱቦ ሾክ ሠርቷል፤ ዘዴው እ.ኤ.አ. ከ1950ዎቹ ጀምሮ በፋብሪካ ተመርቶ እስከ ዛሬ ይሠራበታል። በኤሌክትሪክ ጥንካሬውን የሚለዋውጥ ሾክም አለ፤ ምቾቱ መልካም ነው፣ ዋጋውና ጥገናው ግን በአካባቢው ላለ ጋራዥ ከባድ ነው። የመኪናውን ጥግ ተጭኖ መልቀቅ ቀላል ፍተሻ ነው፦ ከአንድ ጊዜ በላይ ካነጠረ ወይም ሾኩ ላይ የዘይት ማርጠብ ከታየ አልቋል። ሾክ ሁልጊዜ በጥንድ ይለወጣል።

ከፍ ማድረግ

መኪናው ሆዱን እንዳይመታ ከሞላው በላይ ወይም በታች ማስረዘሚያ ማስገባት በብዙ ከተሞች ይታያል። ይህ ከፍታ ይሰጣል፣ ሞላውን ግን አያለሰልስም፤ እንዲያውም ሾኩ ተዘርግቶ ስለሚቆም ጎማው ጉድጓድ ውስጥ ሲወርድ የሚዘረጋበት ቦታ ያጣል። ከሁለትና ሦስት ሴንቲ ሜትር በላይ ሲሆን ኃይል ወደ ጎማ የሚያደርሰው ዘንግ አለቅጥ ያጋድላል፣ መገጣጠሚያውም ቶሎ ይበላል። መኪናው በመታጠፊያ ላይም ይበልጥ ያዘነብላል። ማንኛውም ለውጥ ከተደረገ በኋላ የጎማ አሰላለፍ ማስለካት ግዴታ ነው፤ ይህ ከተዘለለ አዲሱ ጎማ በአንድ ጎኑ በጥቂት ሺህ ኪሎ ሜትር ውስጥ ያልቃል።

የጎማ አየርና ከፍታ

ወደ ሳነቴ ሲወጣ የውጪው አየር ግፊት ስለሚቀንስ ጎማ ይነፋል የሚል ስጋት አለ። ነገሩ እውነትነት ቢኖረውም መጠኑ ትንሽ ነው። ደሎ መና አካባቢ፣ በ1,300 ሜትር ገደማ፣ የአየር ግፊት 87 ኪሎ ፓስካል ያህል ሲሆን በአምባው ላይ ወደ 61 ይወርዳል። በደሎ መና ሙቀት፣ በ25 ዲግሪ፣ 220 ኪሎ ፓስካል (32 ፒ.ኤስ.አይ.) የተነፋ ጎማ ሙቀቱ ባይለወጥ ኖሮ በአምባው ላይ 246 ያሳይ ነበር። ነገር ግን ጎማው ወደ 5 ዲግሪ ከቀዘቀዘ በውስጡ ያለው አየር ስለሚሰበሰብ መለኪያው የሚያሳየው 225 ገደማ ብቻ ነው። ብርዱና ከፍታው እርስ በርስ ይጣፋሉ። ስለዚህ ወጥቶ አየር ማስተንፈስ አያስፈልግም፤ ያስተነፈሰ ሰው በማግስቱ ቆላ ሲደርስ ጎማው ጎድሎ ያገኘዋል።

የተሸበሸበ ጠጠር

የጠጠር መንገድ በጊዜ ብዛት እንደ ቆርቆሮ ክዳን ይሸበሸባል፤ በሁለት ጉብታዎች መካከል ያለው ርቀት ብዙውን ጊዜ ከግማሽ እስከ አንድ ሜትር ነው። ርቀቱ 75 ሴንቲ ሜትር ቢሆን መኪናው በሰዓት 40 ኪሎ ሜትር ሲሄድ ጎማው በሰከንድ 15 ጊዜ ያህል ይመታል፤ ይህ ደግሞ ጎማው በተፈጥሮው የሚዘልበት ልክ ነው። በ80 ኪሎ ሜትር ግን ምቱ 30 ስለሚደርስ ጎማው ሊከተለው አይችልም፣ ከጉብታ ጉብታ እየረገጠ ይንሸራተታል፣ መኪናውም በድንገት የለሰለሰ ይመስላል። ሾፌሮች ‹ፈጠን ስትል ይለሰልሳል› የሚሉት ከዚህ ነው፤ አባባሉም ትክክል ነው። የተገኘው ልስላሴ ግን ጎማው መሬት ባለመንካቱ የመጣ ስለሆነ ፍሬንና መሪ አብረው ይጠፋሉ።

በሳነቴ ላይ ይህ ልዩ ክብደት አለው። በዓለም ላይ ከ500 የማይበልጡት ቀይ ቀበሮዎች ከግማሽ በላይ የሚኖሩት በባሌ ተራሮች ሲሆን፣ አይጥና ፍልፈል ፍለጋ መንገዱን ያቋርጣሉ። በመኪና የተገደሉም አሉ። ከወፍራም ጎማ፣ ከደህና ሾክና ከመጠነኛ የጎማ አየር ጋር በሰዓት 30 ኪሎ ሜትርና ከዚያ በታች የሚሄድ መኪና በ75 ሴንቲ ሜትሩ ሽብሽብ ላይ ከ11 ምት በላይ አያገኘውም፤ በዚያ ፍጥነት መንቀጥቀጡ ሙሉ በሙሉ ባይጠፋም ሾፌሩ ሊያቆም ይችላል።