የሪያድ ባለፈረሶችና የጋጣቸው ርቀት

በሪያድ ከተማ ፈረስ ያለው ሰው ፈረሱን ለማየት ምን ያህል መንገድ ይሄዳል? ጥያቄው የሀብታሞች የጨዋታ ጉዳይ፣ ለተማሪ ማኅበር መጽሔትም የማይመጥን ሊመስል ይችላል። ዳሩ ግን በአንድ ከተማ ውስጥ ማን እንደሚጓዝ፣ ማንስ ከቦታው ንቅንቅ እንደማይል ማጥናት የዚያን ኅብረተሰብ አሠራር በሚገባ ይገልጣል። ሪያድ ደግሞ ከወገኖቻችን እጅግ ብዙዎቹ ጉልበታቸውን የሚሸጡባት ከተማ ናት። ስለዚህ የጋጣው ርቀት እኛንም ይመለከታል።

አስቀድሞ ስለ ከተማዋ አስተዳደግ ጥቂት ማለት ያስፈልጋል። (ከዚህ በታች የሚጠቀሱት ዓመታት፣ በተለይ ካልተገለጸ በስተቀር፣ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።) አብዱልአዚዝ ኢብን ሳዑድ በ1902 ሪያድን ሲይዝ ከተማይቱ በጭቃ ግንብ የታጠረች፣ ከዳር እስከ ዳር በእግር የምትዘለቅ ነበረች። በ1950ዎቹ ዓመታት መሥሪያ ቤቶች ወደ ሪያድ ሲዛወሩ ለሠራተኞቻቸው መኖሪያ እንዲሆን አል መለዝ የሚባለው አዲስ ሰፈር ተሠራ። በ1965 የፈረሰኞች ክበብ ሲቋቋምም የእሽቅድምድሙ ሜዳ እዚያው መለዝ ነበር። በዚያን ጊዜ ባለፈረሱ ከቤቱ ተነሥቶ ፈረሱ ዘንድ ለመድረስ ረጅም መንገድ መሄድ አያስፈልገውም ነበር።

ከዚያ በኋላ የነዳጁ ገንዘብ መጣ። በ1973 የጸደቀው የከተማ ፕላን፣ ዶክሲያዲስ በተባለው ግሪካዊ መሐንዲስ ድርጅት የተነደፈው፣ ሪያድን 2 ኪሎ ሜትር በ2 ኪሎ ሜትር በሆኑ አራት ማዕዘኖች ሸንሽኖ በመካከላቸው ሰፋፊ አውራ ጎዳናዎችን ዘረጋ። ፕላኑ የተነደፈው መኪና ላለው ሰው ነበር ቢባል ማጋነን አይሆንም። በ1974ቱ ቆጠራ ከ700,000 የማይበልጥ የነበረው የከተማይቱ ሕዝብ በ2022ቱ ቆጠራ ወደ 7 ሚሊዮን ደርሷል። መሬት ሲወደድ ደግሞ ከመሐል ከተማ ቀድሞ የሚወጣው ብዙ ቦታ የሚይዝ፣ የሚሸት፣ ዝንብ የሚጠራ ነገር ነው፤ ጋጣም ከእነዚህ አንዱ ነው። እሽቅድምድሙ በ2003 ከከተማው በስተሰሜን ምሥራቅ ወደሚገኘው ጀናድሪያ ተዛወረ። የመለዙ አሮጌ ሜዳም በ2013 የሕዝብ መናፈሻ ሆኖ ተከፈተ።

ዛሬ ጋጣዎቹ በከተማይቱ ዙሪያ ተበትነው ይገኛሉ። ጀናድሪያ ከመሐል ከተማ ወደ 30 ኪሎ ሜትር ግድም ይርቃል። በስተደቡብ ምዕራብ ድራብ አለ፤ የንጉሥ አብዱልአዚዝ የዐረብ ፈረሶች ማዕከል የሚገኘው እዚያ ነው። በምዕራብ በኩል ሐኒፋ የሚባለውን ሸለቆ ተከትለው የአትክልት ቦታዎችና የግል እርሻዎች ይታያሉ፤ ወደ ሰሜን ሲወጣ ደግሞ የሱማማ መንገድ አለ። በሰሜኑ አዳዲስ ሰፈሮች የሚኖር ሰው ፈረሱን ድራብ ቢያሳድር ከተማይቱን ከጫፍ እስከ ጫፍ ሊያቋርጥ ነው። ጀናድሪያ ቢያሳድር ግን መንገዱ ያጥራል። በ2024 መጨረሻ የተከፈተው የከተማ ባቡር ስድስት መሥመሮች አሉት፤ ወደ ድራብ ግን አንዱም አይሄድም። ስለዚህ ወደ ጋጣ መሄጃው ያው መኪና ነው።

ቤንዚኑ ጓዶች እንደሚገምቱት ከባድ ነገር አይደለም። እስከ 2015 መጨረሻ ድረስ ተራው ቤንዚን በሊትር ከግማሽ ሪያል በታች ይሸጥ ነበር፤ ከ2021 ሐምሌ ወዲህ 2 ሪያል ከ18 ሀላላ ሆኗል። ወደ አምስት እጥፍ ግድም መጨመሩ ነው። ፈረስ ማሳደር ለሚችል ሰው ይህ ከድርቆሹ ሒሳብ ጋር ሲተያይ ኢምንት ነው። (ስለ ድርቆሽ ካነሣን፣ መንግሥት የከርሰ ምድር ውሃ እያለቀ መሆኑን አይቶ የአረንጓዴ መኖ እርሻ በሦስት ዓመት ውስጥ እንዲቀር በ2015 ወስኖ ነበር። ከዚያ ወዲህ ከባሕር ማዶ የሚጫን መኖ በዝቷል። ፈረሱ የሚበላው ሣር ከባለቤቱ አብልጦ ይጓዛል ማለት ነው።)

መንገዱን የሚያከብደው ሰዓቱ ነው። በበጋ የሪያድ ቀትር ከ43 ዲግሪ በላይ የሚሆንበት ቀን ብዙ ነው። እንዲህ ባለ ሙቀት ፈረስ አይጋለብም፤ ወይ ጎሕ ሳይቀድ፣ ወይ ፀሐይ ከጠለቀች በኋላ ነው። ጎሕ ሳይቀድ መንገዱ ባዶ ነው። ማታ ግን መላው ከተማ ከሥራ ወጥቶ በዚያው አውራ ጎዳና ላይ ይገኛል፤ 30 ኪሎ ሜትሩም በቀላሉ ከአንድ ሰዓት በላይ ይፈጃል። የእሽቅድምድሙ ወራት ክረምቱ፣ ማለትም የቀዝቃዛው ወቅት ነው። ከ2020 ጀምሮ የሚካሄደውና 20 ሚሊዮን ዶላር የሚያሸልመው የሳዑዲ ዋንጫም በጀናድሪያ የተጀመረው በዚሁ ወቅት ነው። ሙቀቱ ሲበረታ እሽቅድምድሙ ወደ ደጋው ወደ ጣኢፍ ይዛወራል። ከሪያድ ጣኢፍ ከ700 ኪሎ ሜትር በላይ ነው። ፈረሱና ጠባቂው በጭነት መኪና ይሄዳሉ፤ ባለቤቱ ከፈለገ በአውሮፕላን ይደርሳል።

በእንግሊዝ አገር ያላችሁ ጓዶች ከዩኒቨርሲቲ ከተሞች ወጣ ስትሉ በየገጠሩ የምታዩት ጋጣ ከዚህ ይለያል። እዚያ ፈረስን በሰው ጋጣ ማሳደር በደረጃ የተከፋፈለ ነው። ሙሉ ክፍያ የሚከፍል ሁሉም ይሠራለታል፤ ግማሽ የሚከፍል ሥራውን ይካፈላል፤ ቦታውን ብቻ የሚከራይ ደግሞ ጠዋት ፋንድያ ጠርጎ፣ ጉዝጓዝ ለውጦ፣ ውሃ ቀድቶ ወደ ሥራው ይሄዳል፤ ማታም ይመለሳል። ይህን የመጨረሻውን ዓይነት የሚመርጡት ነርሶች፣ አስተማሪዎችና ጸሐፊዎች ናቸው። በቀን ሁለት ጊዜ መመላለስ ያለበት ሰው ጋጣውን ከቤቱ አርቆ ሊይዝ አይችልም። ርቀቱን የሚወስነው የራሱ ጉልበት ነው።

በሪያድ ይህ ገደብ የለም። ባለፈረሱ በሳምንት አንድ ቀን፣ ብዙውን ጊዜ ዓርብ ወይም ቅዳሜ (ከ2013 ወዲህ የዕረፍት ቀኖቹ እነዚህ ናቸው)፣ ወይም ሁለት ማታ መጥቶ ጋልቦ ቢሄድ ፈረሱ አይራብም። ጋጣው 15 ኪሎ ሜትር ቢርቅ ወይም 50 ለፈረሱ ለውጥ የለውም። ይህን ርቀት የሚቻል ያደረገው በዐረብኛ ሳኢስ የሚባለው፣ እኛ ፈረስ ጠባቂ የምንለው ሠራተኛ ነው። ሳኢሱ ሱዳናዊ፣ ፓኪስታናዊ ወይም የባንግላዴሽ ሰው ይሆናል፤ የእኛም አገር ልጅ ሆኖ ይገኛል። የሚተኛው ከፈረሱ ጥቂት እርምጃ ርቆ፣ በጋጣው ጥግ በተሠራች ክፍል ውስጥ ነው። ፈረስ ሌሊት የሆድ ቁርጠት ሲይዘው መሬት ይደበድባል፣ ይንከባለላል፤ ያን ድምፅ ሰምቶ የሚነሣው፣ ሐኪም እስኪመጣ ልጓሙን ይዞ የሚያንሸራሽረው እሱ ነው። ከቤቱ እስከ ሥራው ያለው ርቀት ዜሮ ነው። ይህ ግን ዕድል አይደለም፤ ሥራው የሚያልቅበት ሰዓት የለም ማለት ነው። ከሰኔ 15 እስከ መስከረም 15 ከቀትር እስከ 9 ሰዓት ፀሐይ ላይ መሥራት የሚከለክል ደንብ አለ። በበረሃ ባለ የግል እርሻ ውስጥ ደንቡን ማን ይቈጣጠራል?

እስከ ሰኔ 24 ቀን 2018 ድረስ ሴት መኪና መንዳት ስላልተፈቀደላት ፈረስ የነበራት ሴት የምትጓዘው በሾፌር ነበር። እሷ ጋልባ እስክትመለስ ሾፌሩ ይጠብቃታል፤ ይህም ሰው በአብዛኛው ከባሕር ማዶ የመጣ ነው። እንግዲህ የአንዲት ባለፈረስ መንገድ ሁለት ሠራተኞችን ይዞ ነበር፤ አንዱን መኪናው ውስጥ፣ አንዱን ጋጣው ውስጥ።

ይህ አሠራር ለእኛ እንግዳ ነው ብለን ማለፍ አንችልም። በአገራችን ቤተ መንግሥት ባልደራስ የሚባል ሹም ነበር፤ የንጉሡን ፈረሶች የሚያስጠብቅ። መኳንንቱ በፈረሳቸው ስም ይጠሩ ነበር፦ ቴዎድሮስ አባ ታጠቅ፣ ዮሐንስ አባ በዝብዝ፣ ምኒልክ አባ ዳኘው። የፈረሱ ስም እስከ ዛሬ በአፋችን አለ። አባ ዳኘውን ማን ውሃ ያጠጣው እንደነበር ግን ማንም አያነሣውም።

ሌላም ዓይነት ባለፈረስ አለን። በአዊ የአገው ገበሬ ፈረሱን የሚያስረው በግቢው ነው። ፈረሱ ይጭናል፣ ያርሳል፣ ለሠርግና ለለቅሶ ይሰለፋል። በ1932 ዓ.ም. (በእኛ አቆጣጠር) የተመሠረተው የአገው ፈረሰኞች ማኅበር በየዓመቱ ጥር 23 ቀን በዓሉን እንጅባራ ላይ ሲያከብር ሰውና ፈረስ አብረው ይጓዛሉ። ለዚያ ገበሬ “ጋጣህ ስንት ይርቃል?” ብትሉት ጥያቄው አይገባውም። የሚያበላው እሱና ልጆቹ ስለሆኑ ፈረሱን ከራሱ የሚያርቅበት መንገድ የለውም። ይህን የምለው ገጠሩን ለማሞገስ አይደለም፤ የሚያበላው ሰው ከተለወጠ ርቀቱም እንደሚለወጥ ለማሳየት ነው።

ወደ ሪያዱ ሳኢስ እንመለስ። እሱ ከአዲስ አበባ በአውሮፕላን 1,900 ኪሎ ሜትር ግድም ተጉዟል፤ አለዚያም በጂቡቲና በየመን አድርጎ፣ ለመናገር የሚከብድ መንገድ አልፎ ደርሷል። እዚያ ከደረሰ በኋላ የሚንቀሳቀስበትን ርቀት የሚወስነው ኢቃማ የሚባለው የመኖሪያ ወረቀት ነው። ያለ ፈቃድ ከጋጣው ቢወጣ አሠሪው “ሁሩብ”፣ ኰብላይ ብሎ ሊያስመዘግበው ይችላል። በኅዳር 2013 በመንፉሐ ሰፈር የደረሰውንና ከዚያ በኋላ ከ160,000 በላይ ወገኖቻችን ወደ አገር መመለሳቸውን የሚያስታውስ ሰው ወረቀት የሌለው መሆን ምን ማለት እንደሆነ አይጠይቅም።

በመጋቢት 2021 ሥራ ላይ የዋለው የሥራ ማሻሻያ ብዙ ተወርቶለታል። በማሻሻያው የግል ድርጅት ሠራተኛ በተወሰነ ሁኔታ ያለ አሠሪው ፈቃድ ሥራ እንዲለውጥ፣ የመውጫና የመመለሻ ቪዛም ራሱ እንዲጠይቅ ተፈቅዶለታል። ነገር ግን የቤት ሠራተኛ፣ የግል ሾፌር፣ የቤት ዘበኛ፣ እረኛ፣ አትክልተኛ ወይም የእርሻ ሠራተኛ ከዚህ ውጭ ተደርገዋል። ለቤት ሠራተኞች ከዚያ ወዲህ የተለየ ደንብ ወጥቶላቸዋል። ልዩነቱን ልብ በሉ። በአንድ ኩባንያ ስም ሳኢስ ሆኖ የተቀጠረ ሰው በማሻሻያው ይጠቀማል። በአንድ ግለሰብ ስም መጥቶ ወረቀቱ ላይ እረኛ ወይም የእርሻ ሠራተኛ የተባለ ግን፣ ሥራው ያው የፈረስ ጥበቃ ቢሆንም፣ ከማሻሻያው ውጭ ይሆናል። ሁለቱ ሰዎች በአጥር በተለያዩ ሁለት ጋጣዎች ውስጥ ጎረቤት ሆነው ሊኖሩ ይችላሉ።

ስለሆነም ዘመድ ወይም የሰፈር ልጅ “ሪያድ ፈረስ ቤት ሥራ አገኘሁ” ብሎ ሲጽፍላችሁ ከደመወዙ በፊት ቪዛው ላይ የተጻፈውን የሙያ ስም ጠይቁት። በዐረብኛ “ራዒ” እረኛ ነው፤ “ዓሚል መዝረዓ” የእርሻ ሠራተኛ ነው፤ “ሳኢቅ ኻስ” የግል ሾፌር ነው። “ሳኢስ” ብቻ ነው ፈረስ ጠባቂ። ሳኢቅና ሳኢስ በዐረብኛ ጽሑፍ የሚለያዩት በመጨረሻዋ ፊደል ነው፤ ቋንቋውን የማያውቅ ሰው በጥድፊያ ሲፈርም አያስተውላትም። በሪያድና በመዲና ዩኒቨርሲቲዎች የተማሩ፣ ዐረብኛ የሚያነቡ ጓዶች አሉን። የቪዛውና የውሉ ቅጂ ከመፈረሙ በፊት ይላክላቸው፤ አንብቦ ለመመለስ ከአንድ ማታ በላይ አይፈጅባቸውም።