ያውቁ ኖሯል? ከተልባ የተሠራ ወለል

እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹ በተሠሩ የአሜሪካ ቤቶች ኩሽና ውስጥ ብዙ ጊዜ የሚታየው ዝንጉርጉር ወለል፣ ሊኖሊየም፣ ዋና ግብዓቱ የተልባ ዘይት ነው! እንግሊዛዊው ፍሬድሪክ ዋልተን፣ የተልባ ዘይት ያለበት ቀለም አየር ሲያገኘው ከላይ እንደ ጎማ የሚሳብ ቆዳ ማውጣቱን ልብ ብሎ ነው ነገሩን የጀመረው፤ የፈጠራ መብቱንም በ1863 አስመዘገበ። የረጋው ዘይት ከሙጫ፣ ከቡሽ ዱቄትና ከቀለም ጋር ተለውሶ በጆንያ ጨርቅ ላይ ይዳመጣል። በጥሩው ዓይነት ቀለሙ እስከ ታች ስለሚዘልቅ ለዓመታት ቢረገጥም መልኩ አይጠፋም። ዛሬ በሜትር ተቆርጦ የሚሸጠው የወለል ፕላስቲክ ግን ሌላ ነው፤ ሥዕሉ ከላይ የታተመ ነው፣ ተልባም የለበትም።

ሊኖሊየም አንድ ደስ የሚል ጠባይ አለው። ቁም ሣጥን ሸፍኖት የከረመው ቦታ ቢጫ ይላል፤ ብርሃን ሲያገኝ ቢጫው ቀስ በቀስ ይለቃል።

የ1950ዎቹ ቤት ወዳጆች የሚሳሱላቸው፣ ጎናቸው 23 ሳንቲ ሜትር የሆነ ካሬ የወለል ንጣፎች ግን ጥንቃቄ ይሻሉ። ብዙዎቹ ለሳንባ አደገኛ የሆነው አስቤስቶስ አለባቸው። ስለዚህ ሳይመረመሩ መፋቅም ሆነ መስበር አይገባም፤ ካልተሰነጠቁ ባሉበት መተው ይሻላል።