ጥንድ ድምፅ በዜማ ትምህርት፤ ከቤተልሔም እስከ ቡናው ምድር

በዓለ ጥምቀት በ2012 ዓ.ም. በዩኔስኮ የቅርስ መዝገብ ከሰፈረ ወዲህ ስለ ቅዱስ ያሬድ ዜማ የሚናገረው ሰው በዝቷል፤ ዜማው ከመምህር ወደ ደቀ መዝሙር የሚተላለፍበት ሥርዓት፣ ይልቁንም ሁለት ድምፅ ተጣምረው አንዱ ሌላውን የሚያርምበት ጥበብ፣ ግን የሚገባውን ያህል አልተነገረለትም።

ቅዳሴው በሰለልኩላና በደብረ ዓባይ፣ ዝማሬ መዋሥዕቱ በዙር አምባ፣ አቋቋሙ በጎንደር መጽናቱ የታወቀ ነውና አልዘረዝረውም። የድጓ ምስክር በሆነችው በቤተልሔምም ሆነ በሌላው ጉባኤ፣ ተማሪው ከየኔታ የተቀበለውን ዜማ ለብቻው አያጸናውም፤ ከእርሱ ቀድሞ ከዘለቀ ባልንጀራው ጋር ተቀምጦ፣ አንዱ ሲመራ ሌላው እየተቀበለ፣ ድፋቱና ቅናቱ፣ ጭረቱና ርክርኩ ከጆሮው እስኪዋሐድ ድረስ ይመላለስበታል። በዐፄ ገላውዴዎስ ዘመን አዛዥ ጌራና አዛዥ ራጉኤል ያደራጁት የዜማ ምልክትም ለዓይን ረዳት ነው እንጂ የባልንጀራን ድምፅ አይተካም። አውሮፓውያንም በጥንድ ድምፅ መለማመድን ያውቁታል፤ የዜማ ደራሲው ኦርላንዶ ዲ ላሶ በ1577 እ.ኤ.አ. በሙኒክ ያሳተማቸው 24 የሁለት ድምፅ ድርሰቶች ለጀማሪዎች መለማመጃ ሆነው ኖረዋል፤ ልዩነቱ በእነርሱ ዘንድ ሁለቱ ድምፆች በየራሳቸው መንገድ ሲሄዱ፣ በእኛ ዘንድ ግን አንዱን ዜማ መካፈላቸው ነው።

ከሁሉ ይልቅ ልቤን የሚስበው ማኅሌተ ጽጌ ነው። አባ ጽጌ ብርሃን ከወዳጁ ከአባ ገብረ ማርያም ዘደብረ ሐንታ ጋር ሆኖ እንደ ደረሰው፣ ሁለቱም በየዓመቱ በወርኀ ጽጌ እየተገናኙ በአንድነት ያመሰግኑ እንደ ነበር ይተረካል፤ ድርሰቱ በጥንድ ተወልዶ እስከ ዛሬ በቀኝና በግራ በተሰለፉ ሊቃውንት መካከል በቅብብል እየተዜመ መኖሩ ተገቢው ነው።

ከመስከረም 26 እስከ ኅዳር 5 የሚዘልቀው ይህ ወራት በሚዛን ተፈሪና በቴፒ አካባቢ ከቡና ለቀማው ጋር ይገጥማልና፣ ቀን በለቀማ የዋለ ወጣት ለሌሊቱ ማኅሌት የሚዘጋጅበት ጊዜ ጥቂት ነው። ስለዚህም የታላላቆቹ ጉባኤያት ርቀት ታክሎበት፣ በስልክ የተቀረጸ ዜማ ሰምቶ መማር ይበቃል የሚሉ አሉ፤ እኔ በዚህ አልስማማም፤ ስልኩ ያሰማል እንጂ አይሰማም፣ ተማሪው ርክርኩን ሲዘል ወይም ዕዝሉን ወደ አራራይ ሲያዞር አይመልሰውም። ቅጂው ካልቀረ ግን ሁለት ወጣቶች በአንድነት ይስሙት፤ ከዚያም አጥፍተውት አንዱ ይምራ፣ አንዱ ይቀበል፤ በማግሥቱም ተራቸውን ይለዋወጡ፤ መሪጌታው ሲመጣ ከሁለቱ የትኛው እንደ ሳተ በአንድ ጊዜ ይለያል።