ሁለት ሦስት ሜዲካል ስኩል ተቀብሎኛል፤ የቱን መቼ ልተው?

በአሜሪካ ኤምዲ ለመማር በየዓመቱ ከ50 ሺህ በላይ ሰው ያመለክታል፤ ወንበር የሚያገኘው 23 ሺህ ገደማ ነው። ስለዚህ በሲልቨር ስፕሪንግም ሆነ በአሌክሳንድሪያ የሚኖር ያገራችን ሰው፣ ልጁን ሁለት ሦስት ቦታ ሲቀበሉለት ዘመድ ጠርቶ ቢደግስ አይገርምም። ከድግሱ ቀጥሎ ግን ምክሩ ይመጣል፤ ከምክሩም ብዙው ልክ አይደለም።

ተረት፦ «እግዜር መጀመሪያ የከፈተልህ በር እሱ ነው፤ ሌላውን ይዞ መቆየት ስግብግብነት ነው።»

ምክሩ የሚመጣው ከቅን ልብ ነው፤ ልጁን ግን ለዕዳ ሊዳርገው ይችላል። የአሜሪካ የሕክምና ኮሌጆች ማኅበር በሚያወጣው መመሪያ መሠረት፣ አመልካች ከአንድ በላይ ቦታ ይዞ እስከ ኤፕሪል 30 መቆየት ይችላል። ኤፕሪል 15 ሲደርስ ከሦስት በላይ የያዘ ወደ ሦስት ይቀንሳል፤ ኤፕሪል 30 ላይ አንዱን ይመርጣል። በኧርሊ ዲሲዥን ያመለከተን ግን ይህ አይመለከተውም፤ እሱ ከተቀበሉት እዚያው ሊገባ አስቀድሞ ቃል ገብቷል።

ይህ ጊዜ ከሁሉ በላይ የሚጠቅመው ለገንዘብ ስሌት ነው። የፋይናንሻል ኤይድ ደብዳቤ የሚመጣው ከቅበላው በኋላ ነው፤ ብዙ ጊዜም ማርች ወይም ኤፕሪል ላይ። ደብዳቤዎቹን ጠረጴዛ ላይ ጎን ለጎን ዘርጓቸው። አንዳንዱ ትምህርት ቤት ስኮላርሺፑንም ብድሩንም ደምሮ «የተሰጠዎት እርዳታ» ብሎ ይጽፋል። ብድሩን አውጡትና የማይመለሰውን ገንዘብ ብቻ ከጠቅላላው የዓመት ወጪ ቀንሱ፤ የኪራይና የኢንሹራንሱን ወጪ ሳትረሱ። የቀረውን በአራት አባዙት። ስኮላርሺፑ በየዓመቱ የሚታደስ መሆኑንም ጠይቁ፤ ለአንድ ዓመት ብቻ የተሰጠ ከሆነ ስሌቱ ሌላ ነው።

አሁን ደግሞ ይህ ስሌት ከወትሮው ይበልጥ ያስፈልጋል። ከጁላይ 1 ቀን 2026 ጀምሮ ግራድ ፕላስ የሚባለው የፌዴራል ብድር ለአዲስ ተበዳሪዎች ይቀራል። የሕክምና ተማሪ ከፌዴራል መንግሥት የሚበደረው በዓመት እስከ 50 ሺህ፣ በጠቅላላው እስከ 200 ሺህ ዶላር ብቻ ይሆናል። የብዙ ትምህርት ቤቶች የዓመት ወጪ ከዚህ ይበልጣል። ልዩነቱን ከግል ባንክ መበደር፣ ለዚያም ዋስ መፈለግ ሊመጣ ነው። ዋሱ ብዙውን ጊዜ ወላጅ ነው። ይህን ሳያሰሉ በመጀመሪያው ደብዳቤ መወሰን እኔ ጨዋነት አልለውም።

ተረት፦ «አምካስ (የኤምዲ ማመልከቻ የሚገባበት ሥርዓት) ላይ አንዱን ከመረጥኩ ሌሎቹ በራሳቸው ይሰረዛሉ።»

አይሰረዙም። ለማይሄዱበት ትምህርት ቤት ሁሉ፣ እያንዳንዱ በሚፈልገው መንገድ፣ ራሳችሁ ማሳወቅ ግድ ነው። አምካስ ላይ ያሉትን ሁለት ምርጫዎችም አታምታቱ። «ፕላን ቱ ኢንሮል» ሐሳብን ማሳወቂያ ነው፤ እሱን መርጦ በሌላ ትምህርት ቤት ዌይትሊስት ላይ መቆየት ይቻላል። «ኮሚት ቱ ኢንሮል» ግን የመጨረሻ ነው፤ ከሌሎቹ ሁሉ፣ ከዌይትሊስቱም ጭምር፣ ወጥቻለሁ ማለት ነው። የመጨረሻ ቀኑን የሚወስነው ትምህርት ቤቱ ስለሆነ ከራሱ ጠይቁ። ኦስቲዮፓቲክ ትምህርት ቤቶች (ዲኦ) እና የቴክሳስ የመንግሥት ትምህርት ቤቶች የየራሳቸው የማመልከቻ ሥርዓት ስላላቸው ይህ የአምካስ አሠራር እነሱን አይመለከትም። በተለይ ዲኦ ላይ ቦታ ለመያዝ የሚጠየቀው ቅድሚያ ክፍያ ጠና ያለና የማይመለስ ሊሆን ስለሚችል፣ ከመክፈላችሁ በፊት ውሉን አንብቡ።

ተረት፦ «እምቢ ካልኳቸው ቂም ይይዙብኛል።»

ትምህርት ቤቶች ካላቸው ወንበር በላይ ሰው የሚቀበሉት የተወሰነው እንደማይመጣ ስለሚያውቁ ነው። የሚያስቀይማቸው ዝምታው ነው፤ እመጣለሁ ብሎ በመጀመሪያው ቀን መቅረት።

ተረት፦ «ኤፕሪል 30 ድረስ ከተፈቀደ፣ እስከዚያው ሁሉንም ልያዝ።»

እዚህ ላይ ጠንከር ብዬ እናገራለሁ። ገንዘቡን እያነጻጸሩ መጠበቅ መብት ነው። እንደማይሄዱበት እያወቁ ለክብር ብሎ መያዝ ግን ሌላ ሰው መጉዳት ነው። ያ ወንበር ሲለቀቅ ከዌይትሊስቱ አንድ ሰው ይጠራል፤ በማርች የተጠራ ቤት ለመፈለግና ብድር ለማመቻቸት ጊዜ አለው፤ በጁን የተጠራ ይዋከባል። ስለዚህ በፌብሩዋሪ የወሰነ በፌብሩዋሪ ይልቀቅ።

አንዴ የለቀቁትን ቦታ ግን መልሶ የማግኘት ዋስትና የለም። በዌይትሊስት ተስፋ ብቻ የያዙትን አይለቁም፤ አዲሱ ቅበላ በጽሑፍ እጅ እስኪገባ ይጠብቃሉ።

የመልቀቂያው ኢሜይል አጭር ይሁን፦ ሙሉ ስም፣ የአምካስ መለያ ቁጥር፣ «ስለተቀበላችሁኝ አመሰግናለሁ፤ የሰጣችሁኝን ቦታ ለቅቄያለሁ» የሚል ዐረፍተ ነገር። ምክንያት መዘርዘር አያስፈልግም። ደርሶናል የሚል መልስ በጥቂት ቀናት ውስጥ ካልመጣ ወደ አድሚሽን ቢሮው ደውሉ፤ ሲመጣም ኮፒውን አስቀምጡት።